የአናጢዎቹ ሸክላ

መጀመሪያ የሰማኋቸው ዕለት ሬድዮ የተከፈተ መስሎኝ ነበር።

2001 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ከሎስ አንጀለስ መሀል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዳውኒ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንዲት የ84 ዓመት አሜሪካዊት አዛውንት እንድጠብቅ ከተቀጠርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም። ማእድ ቤት ሰሃን ሳጥብ ከሳሎን ዘፈን ይመጣል። በዘፈኑ መሀል አንድ ወንድ መለፍለፍ ጀመረ። አድማጭ በስልክ ያስገባል፣ ያጣድፋል፣ ሌላ ዘፈን ይለቃል። ሴትዮዋ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብዬ እጄን በፎጣ እየጠራረግኩ ሬድዮኑን ላጠፋ ሄድኩ። ሬድዮ የለም። ጥግ ላይ፣ የሸክላ ማጫወቻው ላይ፣ አንድ ሸክላ ይዞራል። ሴትዮዋም አልተኙም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው የወንበሩን እጀታ ይመታሉ።

«ጊታር ተጫዋቻቸው ነው እኮ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የሬድዮ ሰው መስሎ ነው።»

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ልጃቸው ስታስተዋውቀኝ «በስማቸው ጥሪያቸው» ብላኝ ነበር። እንዴት አድርጌ? አያቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ስማቸው ከአፌ አልወጣ ሲለኝ «እማማ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ወደዱት። ቆይተው ለልጃቸውም ስልክ ሲደውሉ «እማማ ነኝ» ይሉ ጀመር።

ሥራውን እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ያልሠራው እንኳ የሠራ ዘመድ አለው። እዚህ ለሚጠይቅሽ «ኬርጊቨር ነኝ» ትያለሽ። ከአገር ቤት ለሚጠይቅሽ «ነርስ ነገር» ትያለሽ። እኔም ለእናቴ ያልኳት እንደዚያ ነው። ወሬው ደሴ ሲዳረስ ዶክተር ሆኜ ነበር።

ለነገሩ ሥራዬ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ እማማን ማብላት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቷል። ልጃቸው ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። ጠዋት ስንት ማንኪያ እንደበሉ፣ ቀን ስንት ማንኪያ፣ ማታ ስንት፣ እየጻፍኩ እሞላለሁ። የጣሳ ሾርባ አሞቃለሁ፣ ይገፉታል። እንቁላል እጠብሳለሁ፣ በሹካ ያገላብጡታል። እንግዲህ እኔ «ብላ፣ በሞቴ» በሚባልበት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። እምቢ ያለን ሰው ማብላት አውቃለሁ። እማማን ግን በሞቴ ብላቸው፣ በሞቴ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

መላው የመጣው ከሸክላው ነው። «ሙዚቃ ካለ እበላለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። ተስማማን። የሸክላው አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ገጹ ሳያልቅ ሰሃኑ ማለቅ አለበት። እሳቸው ያጭበረብራሉ፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማንኪያውን አስቀምጠው ያንጎራጉራሉ። እኔም አጭበረብራለሁ፤ መርፌውን አንስቼ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። በመሀሉ ከሱፐርማርኬት የአጃ ክክ ገዝቼ፣ በማርና በቅቤ፣ እናቴ ለበሽተኛ እንደምትሠራው አጥሚት አድርጌ አቀረብኩላቸው። ኩባያውን ሙሉ ጠጡት! ዕለቱን ወረቀቱ ላይ «1 ኩባያ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ሸክላው ሁልጊዜ ያው ነው። ሌላ ሸክላ ሞልቷቸዋል፣ ግን አያስነኩኝም። ወንድምና እህት ናቸው ዘፋኞቹ። ካርፔንተርስ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ቃል በቃል ስለነበር እውነተኛ አናጢዎች መስለውኝ ነበር። ቀን እንጨት ሲልጉ ውለው ማታ የሚዘፍኑ። የቤተሰባቸው መጠሪያ ነው ሲሉኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

እማማ ስለ እነሱ ሲያወሩ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚያወራ ሰው ነው። አላጋነኑም፤ የዳውኒ ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ ኮኔቲከት ካለችው ኒው ሄቨን ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚህ ገባ። እነሱም በሌላ አባባል መጤ ናቸው። ሪቻርድ ፒያኖ ይጫወታል፤ ዘፈኖቹን የሚያቀናብረው እሱ ነው። ካረን ትንሿ ናት። እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ድራም መምታት ጀመረች። ዘፋኝ ነኝ ብላ አልተነሳችም፤ እስከ መጨረሻውም ራሷን ድራም የምትመታ ሰው አድርጋ ነበር የምታየው። ችግሩ ድራሙ ጀርባ ተቀምጣ ስትዘፍን ሕዝቡ አያያትም። ወደ ፊት አምጥተው አቆሟት። እማማ ይሄን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይናደዳሉ። «ድራሟን ባይወስዱባት ኖሮ» ይላሉ፣ ከዚያ አይጨርሱትም። ለምን እንደማይጨርሱት ያኔ አልገባኝም።

አልበሙ «ናው ኤንድ ዜን» ይባላል። «አሁንና ያኔ» ብለን እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የወጣው። የመጀመሪያው ገጽ በአብዛኛው የዚያን ጊዜ ዘፈኖች አሉት። ሁለተኛው ገጽ «የስተርዴይ ዋንስ ሞር» በሚለው ዘፈን ይጀምርና እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን የሬድዮ ዘፈኖች ሳያቋርጥ አከታትሎ ይወስድሻል። እኔ ላጠፋው የሄድኩት ለፍላፊ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት አጎቴ ጂም ሪቭስን በካሴት ይሰማ ነበር። የፈረንጅ ዘፈን ማለት ለእኔ እሱ ነው፤ አጎቴና አረቄው። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። የሁለቱን ድምፅ ደጋግመው እየቀዱ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረቡ፣ ሁለት ሰው ሆነው የመዘምራን ያህል ይሰማሉ። እና ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የካረን ብቻዋን ትወጣለች። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ዝቅ ያለ። አትጮህም። ጎንሽ ቁጭ ብላ ቡና እየጠጣች እንደምታወራሽ ሴት ናት። ቃሏ ጥርት ያለ ስለሆነ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነችኝ። አንዱ ዘፈን ለልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የተሠራ ነው፣ ሕፃናት ያጅቧታል፣ እንግሊዝኛው ለእኔ ልክ የተሰፋ ነበር። ክፍል ገብቼ ከተማርኩት ይልቅ ከእሷ የለቀምኩት ይበልጣል። ሁለት ባስና ባቡር ላይ እያንጎራጎርኩ እሄዳለሁ፣ እያንጎራጎርኩ እመለሳለሁ። ጎኔ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ጥቁር ሴት፣ ነጠላ ለብሳ፣ የካርፔንተርስ ዘፈን!

አንድ ቀን ዝም ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሁንስ የት ናቸው?»

እማማ ማንኪያውን አስቀመጡ። ሪቻርድ አለ። ካረን ግን 32 ዓመቷ ነበር አሉኝ።

«ምን ሆና?»

«አትበላም ነበር።»

እንግሊዝኛው ያመለጠኝ መሰለኝ። ደግመው ነገሩኝ። ወፍራም ነኝ ብላ ታስብ ነበር። እየቀነሰች እየቀነሰች ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1975 ክብደቷ 41 ኪሎ ገደማ ደርሶ የእንግሊዝና የጃፓን ጉዞ ተሰርዟል። ኒውዮርክ ሄዳም ታክማለች። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1983፣ እዚሁ ዳውኒ፣ ወላጆቿ ቤት ልቧ ቆመ። ስሙ አኖሬክሲያ ነው። በጊዜው በሽታውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር፤ ብዙው ሕዝብ የሰማው በእሷ ሞት ነው።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ንዴት ነው።

አስቢው። ዳውኒ ማለት እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የማክዶናልድስ ቤቶች ሁሉ የሚያረጀው ያለባት ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ድንች ይጠብሳል። የመጀመሪያው ታኮ ቤልም የተከፈተው እዚሁ ነው። ምግብ በመኪና መስኮት የሚቀበሉበት አገር። እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ። በ77 ስምንት ዓመቴ ነበር። ከሰሜን በኩል የመጡ ሰዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ከእነሱ ብዙዎቹ አልተነሱም። ታዲያ እኔ በዚህ ዓይኔ፣ ሰሃን እየገፋች የሞተችን ሚሊየነር ዘፋኝ ምን ልበላት? የጥጋብ በሽታ አልኩ በሆዴ። ለሁለት ሳምንት ያህል በባስ ውስጥ አላንጎራጎርኩም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። በሞተ ሰው አኮረፍኩ።

ለእናቴ ደወልኩና ነገርኳት። ያኔ በካርድ ነው የምንደውለው፣ ደቂቃዋን እየቆጠርን።

«ምግብ አጥታ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ ምግብ ሞልቶ ነው።»

«ታዲያ ማን ከለከላት?»

«ማንም። ራሷ ናት።»

ዝም አለች። ከዚያ «ጠበል ወስደዋታል?» አለች። ጠበል የለም አልኳት። «ወንድም አላት አላልሽም? አጉርሷት አያውቅም?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ! ለአንድ አፍታ የሪቻርድን እጅ አየሁት፣ ፒያኖ የሚነካውን ረጅም እጅ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ እህቱ አፍ ሲዘረጋ። ሳቄ መጣ። ካርዱ አለቀና ተቋረጠ።

በሳምንቱ ራሷ ደወለች። እናቴ ራሷ ደውላ አታውቅም፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ያቺን ልጅ አስቤ አስቤ» አለችኝ። «በ77 ንፍሮ ይዘን መንገድ ስንወጣ ትዝ ይልሻል? አንዲት ልጅ ነበረች። ሌላው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ እሷ አትዘረጋም። አፏ ላይ ባደርግላት አልውጥ አለች። እናቷ ስታለቅስባት እንኳ አፏ እሺ አላላትም። ረሃብ ከከረመ ምግቡን ራሱ ያስጠላል።» ትንሽ ቆየችና «የዚያችም እንደዚያ ይሆናል» አለች።

ሐኪም አይደለችም እናቴ። አንዱ በሽታ፣ ሌላው ድርቅ፣ አንድ እንዳልሆኑ እኔም አውቃለሁ። ግን ልጅቷን አስታወስኳት። ቀይ ክር አንገቷ ላይ ነበራት። ለሃያ ምናምን ዓመት ረስቻት ነበር።

በማግስቱ እማማን «ዛሬ ሁለተኛውን ገጽ» አልኳቸው። የካረን ድምፅ ሲመጣ አንድ ነገር መጣልኝ። ወፍራም የነበረው ድምጿ ብቻ ነው።

የሸክላውን ሽፋን አልነገርኳችሁም። ለሦስት ታጥፎ የሚዘረጋ ሥዕል ነው። ወንድምና እህት ቀይ ፌራሪ ውስጥ ናቸው፣ በአንድ ቤት ፊት እያለፉ። ቤቱ የገዛ ቤታቸው ነው። ፊታቸው በቅጡ አይታይም። መኪናውና ቤቱ ነው ጎልቶ የወጣው። እማማ አንድ ቀን ሽፋኑን ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ውሰጂኝ» አሉኝ። ለካ ሰፈሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እኔ ያኔ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ገዝቼ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሁለቴ መጎተት ያስፈልገዋል። ፌራሪ ባትሆንም፣ እማማ ፊት ተቀምጠው ሽፋኑን እንደ ካርታ ይዘው «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እያሉኝ በቤቱ ፊት አለፍን። አላቆምኩም። የሰው ቤት ነው፣ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ካረን የወደቀችው እዚያ ውስጥ ነው፣ ከሥዕሉ ጀርባ። አልበሙ ሲወጣ ገና አሥር ዓመት ይቀራት ነበር።

እማማ በመስኮቱ እያዩ «ባሌ እዚህ ከተማ ለአፖሎ ይሠራ ነበር» አሉኝ። ሰው ወደ ጨረቃ የወሰደችው መንኮራኩር፣ ጠፈርተኞቹ የተቀመጡባት ክፍል፣ ዳውኒ ፋብሪካ ውስጥ ነው የተሠራችው። «ጨረቃ ላይ ሰው ልከን አንዲት ልጅ ማብላት አቃተን» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ሲመለሱ ርቦኛል አሉኝ። ከገባሁ ጀምሮ ርቦኛል ሲሉ ያን ጊዜ ሰማሁ። በወረቀቱ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው፤ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ለሰው ሁሉ ካልነገርኩ አላርፍ ብያለሁ። ካርፔንተርስ ይቀዱ የነበረው ሆሊውድ፣ ላ ብሬያ ጎዳና ላይ በነበረው የኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ነው። ግቢውን መጀመሪያ ያሠራው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ካረን ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1977 መሆኑ ነው፣ ማይክል ጃክሰንና ላይነል ሪቺ የጻፉትን «ዊ አር ዘ ወርልድ» ከ40 በላይ ዘፋኞች ተሰብስበው ዘፈኑ። ለእኛ ረሃብ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችም በዚያ ሌሊት ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ፤ ስቲቪ ዋንደር ነው ያስገባቸው፣ ዘፋኞቹን አመስግነው ወጡ።

በእኛ አገር የዚያን ዕለት ሌሊት እኔ ደሴ ተኝቼ ነበር። እናቴ ለነገ ንፍሮ ዘፍዝፋ።

ስቱዲዮው ከፌርፋክሱ ትንሿ ኢትዮጵያ በመኪና ቅርብ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ሄድኩ። መግባት አይቻልም። በበሩ አናት ላይ አንድ አረንጓዴ እንቁራሪት ቆሟል፣ እንደ ቻፕሊን ባርኔጣና ከዘራ ይዞ። ግቢው የልጆች ፕሮግራም አሻንጉሊቶች በሚሠራው በጂም ሄንሰን ኩባንያ እጅ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ካረን ከሕፃናት ጋር የዘፈነችው ዘፈን የመጣበት የልጆች ፕሮግራም እንቁራሪት ራሱ ነው። እንቁራሪቱን ቀና ብዬ እያየሁ ለተወሰነ ጊዜ ቆምኩ። ነጠላዬን ያየ ጥበቃ «ጠፋሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልጠፋሁም አልኩት።

እማማ በቀጣዩ ዓመት ልጃቸው ጋ አሪዞና ሄዱ። ሲሄዱ ሌሎቹን ሸክላዎች ካርቶን ውስጥ ከተቱ፣ ይሄን አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ማጫወቻውንም ጨምረው። «አንቺ ያለሱ ሰው አታበይም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ለውጫለሁ። ማጫወቻው አብሮኝ ይዞራል። መርፌውን ፌርፋክስ አካባቢ ካለ የድሮ ዕቃ መሸጫ አንዴ አስቀይሬዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፣ እዚያ ላይ እማማ አጥሚት አፍስሰውበት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር በኢሞ ስናወራ ከኋላዬ ዘፈኑ ይሰማታል። ቪዲዮው ስለሚቆራረጥ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋለች፣ እኔ የማየው ጆሮዋንና የጉትቻዋን ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ማናት?» አለችኝ።

«ያቺ የነገርኩሽ።»

«አልበላም ያለችው?»

«አዎ።»

ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠጋሁላት። ለፍላፊው ሰውዬ እስኪመጣ ድረስ ምንም አላለችም። እሱ ሲጀምር «ይሄ ደሞ ማነው፣ አቋረጣት» አለች።

«ድገሚያት እስቲ።»

መርፌውን አንስቼ ወደ መጀመሪያው መለስኩት።